ክፍያ ያለው የቴአትር ሙያ ልምምድ በጎንደር፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ጀማሪ ልጅ ሙያ እየለመደ የሚከፈለው ገንዘብ ከየት ይምጣ? ጎንደር ውስጥ የቴአትር ቡድን የሚመሩ ሰዎች ሲገናኙ ወሬው ዞሮ ዞሮ እዚህ ላይ ያርፋል። ከዚህ በታች ያሉት ጥያቄዎችና መልሶች ለቡድን መሪዎች፣ ለወጣቶች ማዕከል ኃላፊዎችና ገንዘብ ለመስጠት ለሚያስቡ ሰዎች የተጻፉ ናቸው። ተለማማጆችም ቢያነቧቸው ጥሩ ነው። የሚፈርሙትን ውል ያውቁበታል።

ክፍያ ያለው የሙያ ልምምድ ሲባል ምን ማለት ነው?

አንድ ጀማሪ ሙያውን ከሚያውቅ ሰው ሥር ይገባል። በእውነተኛ ዝግጅት ላይ እየሠራ ይማራል። የሚጀምርበትና የሚጨርስበት ቀን ይታወቃል። በየወሩም የተቆረጠ ገንዘብ ይቀበላል። ከእነዚህ አንዱ ከጎደለ ነገሩ ሌላ ስም አለው። ማንም ሳያስተምረው ሁለት ዓመት ሙሉ ኬብል ሲጎትትና ወንበር ሲደረድር የኖረ ልጅ ተለማማጅ አይባልም። ነፃ ጉልበት ነው።

የሚሠለጥኑት ተዋንያን ብቻ ናቸው?

አይደሉም። እንዲያውም እኔን ከጠየቃችሁ ቅድሚያው ለተዋንያን ባይሰጥ ደስ ይለኛል። መድረክ ላይ መውጣት የሚፈልግ ልጅ ሞልቷል። መብራት በአግባቡ የሚሰቅል፣ ድምፅ የሚያስተካክል፣ አልባሳት የሚያዘጋጅ፣ ሜካፕ የሚሠራ፣ ዲኮር የሚገነባ፣ የቴአትሩን ጥናት በሰዓቱ የሚያስጀምርና የመድረክ ዕቃ የሚቆጣጠር ሰው ግን ተፈልጎም አይገኝም። ገንዘቡ ለሁለት ልጅ ብቻ ከበቃ ሁለቱንም ከመጋረጃ ጀርባ ባደርጋቸው አይቆጨኝም።

ሌላም ምክንያት አለኝ። ድምፅና መብራት የሚችል ልጅ ቴአትር በሌለበት ወር ሠርግ ይሠራል፣ የሆቴል አዳራሽ ስብሰባ ይሠራል፣ ለጥምቀት ሰሞን ኮንሰርት ይጠራል። ልብስ የምትሰፋ ልጅም እንደዚያው። እዚሁ ጎንደር ኖሮ መብላት የሚችል ባለሙያ ታገኛላችሁ ማለት ነው። ተዋናዩ ግን የትወና ሥራ ፍለጋ አውቶብስ መሳፈሩ አይቀርም።

እኛ በነፃ ነው የተማርነው። ለእነሱ ለምን ይከፈላል?

ይህ የአንጋፋዎቹ ጥያቄ ነው። ቅንነት አለበት፤ ስለዚህ በቁም ነገር መመለስ ይገባዋል።

በደርግ ዘመን በየቀበሌው የኪነት ቡድን ነበር። ብዙ አንጋፋ ባለሙያ ከዚያ ወጥቷል። ለልጁ ደመወዝ አልነበረውም፤ ግን አብዛኛው ከእናቱ ቤት እየበላ፣ በእግሩ እየሄደ ነው የተማረው። ወደ ኋላ ብንሄድም ያው ነው። የአዝማሪ ልጅ ማሲንቆ የሚማረው ከአባቱ ጋር እየዞረ፣ ከአባቱ ገበታ እየበላ ነው። የቤተ ክርስቲያኑን ዝማሬና ሽብሸባ፣ አቋቋምን፣ ለመማር ከሩቅ አገር ተነስቶ ጎንደር በአታ ቤተ ክርስቲያን የሚመጣውን ተማሪም የሰፈሩ ሰው ቁራሽ እየሰጠ ነው ያኖረው። የተማሪውን ቀለብ ሁልጊዜ የሚሸከም አካል ነበር። ቤተሰብ ነው፣ ሰፈር ነው፣ ቀበሌ ነው። ብቻ ደረሰኝ አልተቆረጠለትም።

ዛሬ ከወረዳ መጥቶ ማራኪ ወይም አዘዞ ቤት ተከራይቶ የሚኖር ልጅ ያ ተሸካሚ የለውም። ስድስት ወር ያለ ገንዘብ መቆየት የሚችለው ወላጅ የሚደጉመው ብቻ ነው። ስለዚህ ክፍያ የሌለው ልምምድ ሳናውቀው ልጆቹን በኪስ ይመርጥልናል። ጎበዙ ልጅ ሦስተኛው ወር ላይ ካፌ ተቀጥሮ ይጠፋል። ከዚያ «የዛሬ ልጅ ትዕግሥት የለውም» ይባላል።

የሴት ልጆች ጉዳይ ደግሞ ለብቻው መነሳት አለበት። ቤተሰብ «ማታ ማታ የት ነው የምትሄጂው?» ሲል «በነፃ ቴአትር እየተማርኩ ነው» የሚለው መልስ ብዙ ቤት አይሠራም። ውል ያለው፣ ወር ጠብቆ የሚከፈል፣ የማታ የባጃጅ ሒሳብ የተያዘለት ሥራ ሲሆን ንግግሩ ይቀየራል። አባት ውሉን አይቶ ዝም የሚልበት ጊዜ አለ። ለጀማሪ እሱም ድል ነው።

ሕጉ ምን ይላል?

የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ስለ ሙያ መልመጃ ውል ራሱን የቻለ ክፍል አለው። ውሉ በጽሑፍ መሆን አለበት። የሥልጠናው ዓይነትና የሚቆይበት ጊዜ፣ ተለማማጁ የሚከፈለው ገንዘብ፣ የሥራው ሁኔታ በውሉ ውስጥ ይገባሉ። ውሉን የሥራና ሠራተኛ ጉዳይ የሚመለከተው መንግሥታዊ አካል እንዲያረጋግጠውም ይጠበቃል። ስለዚህ ፈርማችሁ መሳቢያ ውስጥ ከመክተታችሁ በፊት ወደ ከተማው ጽሕፈት ቤት ውሰዱት። ልጁ ሲጨርስ ምን ሙያ፣ ለስንት ጊዜ እንደተማረ የሚገልጽ የምስክር ወረቀት ይሰጠዋል። ይህን ብዙ ቡድን ይረሳዋል። ለልጁ ግን ቀጣዩን በር የሚያንኳኳበት ወረቀት ነው።

ዕድሜ ላይ ጥንቃቄ አድርጉ። ከ15 ዓመት በታች አይቻልም። ከ15 እስከ 18 ያለ ልጅ በቀን ከ7 ሰዓት በላይ አይሠራም፤ ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት ባለው ጊዜም ማሠራት ክልክል ነው። ትርዒቱ በጊዜ ቢያልቅ እንኳ ዲኮር ማፍረስና ዕቃ መጫን አለ፤ በቀላሉ 4 ሰዓትን ያልፋል። መሰላል ላይ ወጥቶ መብራት መስቀልና ከኤሌክትሪክ ጋር መነካካትም አለ። ለዚህ ነው 18 የሞላቸውን ብቻ ተቀበሉ የምለው።

ስንት ብር እንክፈል?

ኢትዮጵያ ውስጥ ለግሉ ዘርፍ የተወሰነ አገር አቀፍ የዝቅተኛ ደመወዝ ወለል የለም። ስለዚህ «ሕጉ ይህን ያህል ይላል» ብላችሁ የምትደገፉበት ቁጥር አታገኙም። ከልጁ ኑሮ ተነሱ። የቤት ኪራይ ድርሻው ስንት ነው? ቀን በቀን ምን ይበላል? ታክሲና ባጃጅ ስንት ይወስድበታል? እነዚህን ደምራችሁ ከድምሩ በታች ከከፈላችሁ ልጁ ሌላ ሥራ መያዙ አይቀርም። ጥናት ላይም እንቅልፉን ይዞ ይመጣል።

ለምሳሌ ያህል ብቻ የሚከተለውን ሒሳብ እዩት። ቁጥሮቹን በከተማው የዕለቱ ዋጋ ቀይሯቸው። አራት ተለማማጆች፣ ስድስት ወር፣ በወር 5,000 ብር ቢሆን 120,000 ብር ይመጣል። ለሁለት አሠልጣኞች በወር 3,000 ብር አበል 36,000 ይሆናል። የማታ ትራንስፖርት ለእያንዳንዱ ልጅ በወር 1,200 ቢያዝ 28,800 ነው። ለጓንት፣ ለጫማ፣ ለመሰላልና ለመሣሪያ 14,000፤ ለአደጋ መድንና ለወረቀት ሥራ 6,000 ጨምሩ። እስካሁን 204,800 ደረስን። አሥር በመቶ መጠባበቂያ 20,480 ሲታከልበት ጠቅላላው 225,280 ብር ነው። ከዚህ ውስጥ ከግማሽ በላይ የሆነው በቀጥታ ልጆቹ እጅ ይገባል። ረቂቅ በጀታችሁ ላይ ይህ ድርሻ ወርዶ የአዳራሽ ማስዋቢያና የባነር ወጪ ካየለ አንድ ነገር ተበላሽቷል።

የአሠልጣኙን አበል ማንም እንዳይቆርጥባችሁ። ሙያውን በሃያ ዓመት ያካበተ መብራተኛ ተፎካካሪውን በነፃ አሠልጥን ሲባል ግማሹን ያስተምርና ግማሹን ይዞ ይቀራል። አልፈርድበትም።

ግብርስ?

ክፍያው እንደ መቀጠር ገቢ ከታየ የገቢ ግብር ይመለከተዋል። በ2017 በተሻሻለው ሕግ የመጀመሪያው 2,000 ብር ነፃ ነው፤ ከ5,000 ብር ላይ የሚቆረጠው 500 ብር ይሆናል። ልጁ 5,000 በእጁ እንዲገባ ከፈለጋችሁ በጀቱን ስትሠሩ ይህን ጨምሩ። ከሒሳብ ባለሙያ ጋር አንድ ቡና ጠጡ፤ ኋላ ከመደናገጥ ያድናችኋል።

ገንዘቡ ከየት ይመጣል?

ከአንድ ቦታ አይመጣም። መጀመሪያ ይህን ተቀበሉ። ከሦስት ወይም ከአራት ምንጭ እየተለቀመ ነው የሚሞላው።

የከተማው ባህልና ቱሪዝም መምሪያ የመጀመሪያው በር ነው። ጥሬ ገንዘብ ባይሰጥ እንኳ አዳራሽ፣ መጋዘንና የድጋፍ ደብዳቤ ሊሰጥ ይችላል። ለአዳራሽ ኪራይ ልታወጡት የነበረው ብር ወደ ተለማማጅ ክፍያ ይዞራል ማለት ነው። የድጋፍ ደብዳቤውም ዋጋ አለው። ሌላው ለጋሽ ሁሉ መጀመሪያ የሚጠይቀው እሱን ነው።

የቴክኒክና ሙያ ኮሌጅ ብዙ ሰው የማያስበው በር ነው። የኤሌክትሪክ፣ የእንጨት ሥራና የልብስ ስፌት ተማሪዎች በትብብር ሥልጠና ድርጅት ውስጥ ገብተው መለማመድ አለባቸው። ለምን የቴአትር ቡድን አይሆንም ቦታው? የመድረክ መብራት ኤሌክትሪክ ነው፤ ዲኮርም እንጨት ነው። ሥልጠናው በከፊል በኮሌጁ ስለሚሸፈን እናንተ የምትፈልጉት የኪስ ገንዘቡን ብቻ ይሆናል።

ሆቴሎችን ስታናግሩ በልመና አትግቡ። ሆቴሉ የስብሰባ አዳራሽ አለው፤ ድምፅ ማጉያው ስብሰባ መሐል ሲያፏጭ የሚያስተካክልለት ሰው ግን ላይኖረው ይችላል። «የአንድ ተለማማጅ ወርኃዊ ክፍያ ግማሹን ቻሉ፣ በወር ለተወሰኑ ቀናት እናንተ ጋ ይሠራል» በሉት። ይህ ንግድ ነው፤ ባለ ሆቴል ንግድ ይገባዋል። ጊዜውን ግን ምረጡ። ጥር ላይ ለጥምቀት እንግዳ ሲጎርፍ ማንም ቁጭ ብሎ አያዳምጣችሁም። ኅዳር ላይ ሂዱ። ከቢራ ጋር የተያያዘ ስፖንሰር ካሰባችሁ ደግሞ የአልኮል ማስታወቂያን የሚገድበውን አዋጅ ቁጥር 1112/2011 አስቀድማችሁ አንብቡ። ባነሩን ካሳተማችሁ በኋላ ማንበብ አይጠቅምም።

ከውጭ ምንጮች አንዱ የዩኔስኮ ዓለም አቀፍ የባህል ብዝኃነት ፈንድ ነው። ኢትዮጵያ የ2005ቱን (እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር) የዩኔስኮ የባህል ብዝኃነት ስምምነት ስላጸደቀች ማመልከት ይቻላል። ለአንድ ፕሮጀክት እስከ 100,000 ዶላር ይሰጣል፤ ማመልከቻው የሚያልፈው በአገሪቱ የዩኔስኮ ብሔራዊ ኮሚሽን በኩል ነው። ለአራት ልጅ ይህ ሁሉ አያስፈልግም። ሌሎች ከተሞችን ይዞ በጋራ ለማመልከት ግን ይሆናል። አዲስ አበባ ያሉት ጎተ ኢንስቲትዩት፣ አሊያንስ ኢትዮ ፍራንሴዝና ብሪቲሽ ካውንስልም በየጊዜው ከኪነ ጥበብ ቡድኖች ጋር ይሠራሉ። ማስታወቂያቸውን ተከታተሉ።

ትኬት ላይ ትንሽ መጨመርስ? ይሠራል፤ ግን ተስፋችሁን አታግዝፉት። 200 ሰው በሚይዝ አዳራሽ ስምንት ጊዜ ሞልታችሁ በእያንዳንዱ ትኬት 10 ብር ብትጨምሩ 16,000 ብር ታገኛላችሁ። የአንድ ልጅ የሦስት ወር ክፍያ ነው። ትንሽ ቢሆንም ሌላው ለጋሽ «እናንተስ ምን አዋጣችሁ?» ሲል የምታሳዩት ቁጥር ነው።

ውጭ አገር ያሉ የጎንደር ልጆችን ስትጠይቁ «ቴአትርን እርዱ» አትበሉ። «የአንዲት የመብራት ተለማማጅ የስድስት ወር ክፍያ ይህን ያህል ነው፣ ሸፍኑላት» በሉ። ሰው የሚሰጠው ለስም የለሽ ነገር ሳይሆን ፊቱን ለሚያስበው ሰው ነው።

በብድር ማድረግ ይቻላል?

አይሆንም ባይ ነኝ። የወጣቶች ተዘዋዋሪ ፈንድም ሆነ የቁጠባና ብድር ተቋማት ገንዘብ የሚመለስ ነው። የድምፅ ማሽን ገዝቶ ለማከራየት ከሆነ ተበደሩ፤ ማሽኑ ራሱን ይከፍላል። የተለማማጅ ክፍያ ግን በስድስት ወር ውስጥ ተመልሶ የሚመጣ ትርፍ የለውም።

ክበባችን ሕጋዊ ምዝገባ የለውም። ገንዘብ መቀበል እንችላለን?

በራሳችሁ ስም ያስቸግራል። በሰው የግል ሒሳብ መቀበል ደግሞ ጨርሶ አይታሰብ። ሁለት መንገድ አለ። አንዱ የተመዘገበ ተቋም ሥር መግባት ነው፤ የወጣቶች ማዕከል፣ ዩኒቨርሲቲ ወይም የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅት ሊሆን ይችላል። የመግባቢያ ሰነድ ተፈራረሙ፣ ለፕሮጀክቱ የተለየ የባንክ ሒሳብ በጣምራ ፊርማ ክፈቱ። ሁለተኛው ራስን ማስመዝገብ ነው። በአዋጅ ቁጥር 1113/2011 የተመዘገበ የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅት የአስተዳደር ወጪው ከጠቅላላ ወጪው 20 በመቶ መብለጥ የለበትም። ስለዚህ ገና ከመጀመሪያው የቢሮውን ወጪና የሥልጠናውን ወጪ ለያይታችሁ መዝግቡ።

በሌላ አገር ማን ነው የሚከፍለው?

እንግሊዝ ውስጥ ከአውሮፓውያኑ 2017 ጀምሮ ዓመታዊ የደመወዝ ወጪው ከ3 ሚሊዮን ፓውንድ በላይ የሆነ አሠሪ 0.5 በመቶ ለልምምድ ሥልጠና ይከፍላል። ትልልቅ ቴአትር ቤቶች ከዚህ ገንዘብ የመድረክ ቴክኒክ ተለማማጆችን ያሠለጥናሉ። አንድ ነገር ልብ በሉ። ያ ገንዘብ ለትምህርቱና ለምዘናው እንጂ ለልጁ ደመወዝ አይውልም። ደመወዙን ቴአትር ቤቱ ከራሱ ያወጣል። ካሊፎርኒያ ደግሞ በ2022 ሌላ መንገድ በሕግ አወጣች፤ ትንንሽ ለትርፍ ያልቆሙ የመድረክ ጥበብ ድርጅቶች ከሚከፍሉት ደመወዝ ከፊሉን የሚመልስላቸው ፈንድ ነው።

ለእኛ የሚቀርበው ሁለተኛው ይመስለኛል። የሥልጠና ገንዘብ የሚሰጥ አካል እኛም ጋ አይጠፋም። ወርክሾፕ፣ ምሳ፣ የምስክር ወረቀት፣ ፎቶ። የሚጠፋው ወር ሲደርስ የሚከፍል ነው። ሐሳቡ ራሱ ለአገራችን እንግዳ አይደለም። የዓለም ባንክ በ2020 (በአውሮፓውያኑ) ያጸደቀው የከተማ ሴፍቲኔትና ሥራ ፕሮጀክት ለከተማ ወጣቶች ክፍያ ያለው የሥራ ላይ ልምምድ አካቷል። ለጋራዥና ለእንጨት ቤት የሚከፈል ከሆነ ለመድረክ የማይከፈልበት ምክንያት አይታየኝም።

ተለማማጆቹ እንዴት ይመረጡ?

ማስታወቂያ ለጥፉ። ፒያሳ ላይም፣ ቴሌግራም ላይም፣ ኮሌጆች በርም ላይ። የተግባር ፈተና ስጡ። ሦስት ሰው ይፍረድ፤ አንዱ ከቡድኑ ውጭ ይሁን። የአዘጋጁ የአክስት ልጅ ቢያልፍ ችግር የለም፤ ፈተናውን እንደ ማንም ተፈትኖ ከሆነ።

ስፖንሰሩ ቃል ገብቶ ገንዘቡ ባይመጣስ?

ይህ ያጋጥማል። መድረክ ላይ ተጨብጭቦለት ቃል የገባ ሰው ስልክ ማንሳት ያቆማል። ላም አለኝ በሰማይ እንዳይሆንባችሁ አንድ ደንብ ያዙ። የመጀመሪያው ሦስት ወር ክፍያ ባንክ ሳይገባ ማንንም አታስጀምሩ። ከላይ ባለው ምሳሌ ለአራቱ ልጆች 60,000 ብር መሆኑ ነው። ያን ካልሞላችሁ አራቱን ሁለት አድርጉ። አራት ልጅ ጠርቶ በግማሽ ከመክፈል ሁለቱን በወጉ መክፈል ይሻላል።

ክፍያውንም በፖስታ አትስጡ። በባንክ ወይም በቴሌብር ይሁን፤ ቀኑም የተቆረጠ ይሁን። መዝገቡ ለሚቀጥለው ለጋሽ ማስረጃ ይሆናል፤ ልጁም «ነገ ና» አይባልም።

የምሽት ትርዒት በማይቻልበት ጊዜ ምን እናድርግ?

ከ2015 ክረምት ወዲህ በክልሉ ባለው ግጭት ምክንያት ምሽት መንቀሳቀስ የሚያስቸግርበት ጊዜ አለ። ትርዒቱን ቅዳሜና እሑድ ከሰዓት በኋላ 8 ሰዓት ላይ ማድረግ አንዱ መውጫ ነው። ውሉ ላይ ደግሞ ትርዒት ሲሰረዝ ክፍያው እንደማይቋረጥ ጻፉ። በዚያ ሳምንት ተለማማጁ ልብስ ይጠግናል፣ ኬብል ይፈትሻል፣ የመብራት ዕቅድ በወረቀት ይነድፋል። መንገድ የተዘጋው በእሱ ጥፋት አይደለምና ኪሱ ላይ አይውረድ።

አሠልጥነነው አዲስ አበባ ቢሄድብንስ?

ይሂድ። ብሔራዊ ቴአትርና ሀገር ፍቅር የሚገኙት እዚያ ነው፤ መሄድ የሚፈልግ ልጅ መኖሩ አይገርምም። «ከጨረስክ በኋላ ሁለት ዓመት ከእኛ አትወጣም» የሚል አንቀጽ ውል ውስጥ የሚያስገቡ አሉ። እኔ አልወደውም። ከስድስት ወር በኋላ የምትሰጡት ሥራ ሳይኖር ልጁን ማሰር ምን ይባላል? ይልቅ ሥልጠናው ከማለቁ ሁለት ወር ቀደም ብላችሁ ከሆቴሎች፣ ከድምፅ አከራዮችና ከሠርግ ዲኮር ሠሪዎች ጋር አገናኙት። እዚህ እንጀራ ካገኘ የሚሄድበት ምክንያት ይቀንሳል።

መቼ እንጀምር?

የመንግሥት በጀት ዓመት ሐምሌ 1 ይጀምራል። ሰኔ ላይ ደብዳቤ ይዞ የሚሄድ ሰው «በጀት ተዘግቷል» ተብሎ ይመለሳል። ስለዚህ ወደ ባህልና ቱሪዝም መምሪያው በጥር መጨረሻ ወይም በየካቲት ሂዱ፤ ዕቅድ ሲረቀቅ ስማችሁ ውስጡ ይኑር። ክረምቱን ለምርጫና ለውል ተጠቀሙበት። ተለማማጆቹን ጥቅምት ላይ አስጀምሩ። የመጀመሪያው ሦስት ወር ጥናትና ዝግጅት ይሆናል፤ ጥር ላይ ከተማው በእንግዳ ሲሞላ የሚታይ ሥራ ይዛችሁ ትቀርባላችሁ። በዚያ ትርዒት ላይ ለሁለተኛው ዙር የምትፈልጓቸውን ሰዎች ከፊት ወንበር አስቀምጧቸው፤ መብራቱን ማን እንደሠራውም ንገሯቸው።